የሙሉዬ ጣሳ

በምናለሽ ተራ ስለ ቦጋለ አንድ ነገር ይባል ነበር፤ «ከቦጋለ እጅ ቀዳዳ አይወጣም።» የሚያፈስ ባልዲ፣ ዝገት የበላው በርሜል፣ ጎኑ የተነደለ ማንቆርቆሪያ፣ ምን ቢያመጡለት ውኃ ሞልቶ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ከሥሩ ጠብታ አለመውረዱን በዓይኑ ሳያይ ለባለቤቱ አይመልስም። ልማዱን ያወረሰው አባቱ ነው። አባቱ ከመንዝ የመጣ ቀጥቃጭ ነበርና «የሰው ዕቃ ቀዳዳውን ይዞ ከደጅህ ከወጣ ስድቡ ለአንተ ነው» እያለ አሳደገው። ለቀጥቃጭ ልጅ ስድብ ከሌላም በኩል እንደማይጠፋ ቦጋለ ኋላ ራሱ ደረሰበት።

እንግዲህ የዚህ ሰው መከራ የጀመረው አንድ ቀዳዳ በመድፈኑ ነው።

ጊዜው የሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አንዲት ልጅ ነጠላዋን ተከናንባ ከቦጋለ መጠለያ ሥር ገባች። በጋዜጣ የተጠቀለለ አሮጌ ጣሳ ከጉያዋ አወጣች።

«ጆሮው ተገንጥሎብኝ ነው» አለችው። «ሳጥበው እኔው ነኝ የሰበርኩት። አባባ ከጎጃም ሳይመለስ ቢጠገንልኝ።»

ቦጋለ ጣሳውን ተቀብሎ አገላበጠው። በጣሊያን ጊዜ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ፣ ከዕድሜ ብዛት የጠቆረ ነው። ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ጎኑ ላይ አንድ ቀዳዳ አለበት። የቀዳዳው ጠርዝ ግን እንደ ተበሳ ቆርቆሮ አይቧጭርም፤ ለብዙ ዓመት አንድ ነገር እየተመላለሰ እንዳሸው ሁሉ ልስልስ ያለ ነው። «ይህን ምን አለሰለሰው?» ብሎ ሊጠይቅ ቀና አለ። የልጅቱን ዓይን አየና ጥያቄው ጠፋበት።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች።

ቦጋለ ሦስት ጣቱን አሳያት።

«አትናገርም እንዴ?»

«እናገራለሁ።»

«መቼ?»

ጎረቤቱ ባህረዲን ከሚስማርና ከብሎን ክምሩ ኋላ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «እህቴ፣ እሱ በዓመት በዓል ነው የሚናገረው። የዛሬዋን ቃል ከእንቁጣጣሹ ተበድሮ ነው፤ አታባክኚበት።»

ልጅቱ ሳቀች። ሳቋ ቦጋለን የባሰ ዝም አሰኘው። ስሟ ሸዋገነት መሆኑን፣ አባቷም የጎጃም በረንዳው የማር ነጋዴ አቶ አገኘሁ መሆናቸውን የጠየቀለት ባህረዲን ነው።

ጆሮውን መቀጠል የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ቦጋለ ጣሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቀዳዳውን ረጅም ጊዜ አየው። ያ የለሰለሰ ጠርዝ አንድ ነገር ሊነግረው ይፈልግ ነበር። አልሰማውም። ከአዲስ ቆርቆሮ ክብ ቆርጦ ከውስጥ በኩል ለጠፈበት፤ እርሳስ አቅልጦ አጣበቀው፤ የተረፈውን እርሳስ በሞረድ ሞርዶ፣ በአመድ ወልውሎ ቀዳዳው የት እንደነበረ እስኪጠፋ ድረስ አሳመረው። አፉ ሊነግራት ያልቻለውን እጁ ነገራት።

በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ውኃ ሞልቶ አነሣላት።

«ውይ፣ ቀዳዳውንም ደፈንክልኝ?» አለች። «አባባ እንዴት ይደሰታል።»

ያን ክረምት አቶ አገኘሁ ማር ሊገዙ ሄደው ዓባይ ማዶ ዝናብ አገዳቸው። ሱቁን የምትጠብቀው ሸዋገነት ነበረች። በየሁለት ቀኑ አንድ ባልዲ ይዛ ወደ ምናለሽ ተራ ብቅ ትላለች። ባህረዲን ባልዲዎቹን አይቶ፣ «ወላሂ ቦጌ፣ ይቺን ዝገት አልበላትም፤ ሚስማር ነው የበላት። ያውም ከእኔ የተገዛ ባለ ሦስት ሚስማር» አለው። እውነቱን ነበር። ሸዋገነት ባልዲዎቹን ራሷ ትበሳቸው ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ከሰዓት አብነት አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሙ። አንዱ አውቶቡስ መጣና ሄደ። ሌላው መጣና ሄደ።

«ሦስተኛውም አለፈ» አለች ሸዋገነት። «የት ልትሄድ ነበር?»

«የትም። አንቺ ትሳፈሪያለሽ ብዬ ነው የቆምኩት።»

«እኔም አንተ ትሳፈራለህ ብዬ።»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። አራተኛው አውቶቡስ ሲመጣ እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ትንሿን ጣቱን ያዘችው። ቦጋለ እስኪሞት ድረስ የማይረሳት ያችን አውቶቡስ ነው።

መስቀል ዋለና አቶ አገኘሁ ተመለሱ።

አቶ አገኘሁ ገና አርባ ያልሞላቸው፣ ነገር ግን እንደ ሽማግሌ የሚከበሩ ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸውን ሁልጊዜ ወደ ግራ ጆሯቸው አዘንብለው ያደርጋሉ፤ ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቁትም። ከመንገድ ሲገቡ ቀድመው የሚያነሡት ያን ጣሳ ነው፤ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አውራ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ እያዞሩ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ያን ዕለትም አነሡት። አውራ ጣታቸው ጎኑን ዳሰሰ። እንደገና ዳሰሰ። ጣሳውን አዙረው አዩት፤ ደጋግመው አዩት።

«አልተቆጣኝም» ብላ ነገረችው ሸዋገነት ለቦጋለ፣ ዓይኗ አብጦ። «ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጣሳውን ታቅፎ ከማር አቁማዳዎቹ መኻል ተቀመጠ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ‹ማን ነው?› ብቻ አለኝ። ‹ቀጥቃጩ ቦጋለ ነው› አልኩት። ምን አጠፋን፣ ቦጋለ? ቀዳዳ ነበር እኮ።»

ለቦጋለ ያ ልስልስ ጠርዝ ትዝ አለው።

በጥቅምት ወር ቦጋለ ሸዋገነትን እንዲጠይቁለት ሦስት ሽማግሌዎች ወደ አቶ አገኘሁ ላከ። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ «ልጁ ምግባሩ ሸጋ ነው፤ ሠርቶ አዳሪ ነው» አሉ።

«ምግባሩን አልጠየቅኳችሁም» አሉ አቶ አገኘሁ። «አጥንቱን ቆጥራችኋል ወይ? እናቴ ወይዘሮ ሙሉዬ የዳሞት ባለርስት ልጅ ነበሩ። በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። የእሳቸውን የልጅ ልጅ ለቀጥቃጭ አልድርም። ደግሞ ያ እጅ ከቤቴ አንድ ነገር ወስዷል።»

«ሰረቀዎት እንዴ?»

«አልሰረቀም» አሉ።

ከወር በኋላ ሸዋገነት ለደመቀ ታጨች። ደመቀ የአንድ ባለ ካሚዮን ፊታውራሪ ልጅ ነው። ፊታውራሪው በአርበኝነታቸው የታወቁ፣ አጥንት የሚቆጥሩ ሰው ነበሩ። ሰባት ቤት አስቆጥረው፣ የወይዘሮ ሙሉዬን ነገር ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙና ወደዱት። አቶ አገኘሁ ቃላቸውን ሰጡ። ሠርጉ ለየካቲት ዐሥራ ዘጠኝ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተቆረጠ። የበረንዳው ሰው ደግሞ አቶ አገኘሁ የሰጡት ቃል ከማራቸውም ይልቅ ሳይበላሽ እንደሚቆይ ያውቃል።

ቦጋለ ተስፋው ሁሉ ባለቀበት በዚያ ኅዳር ነው መምህር ኪዳነ ማርያም የተባሉ ሰው ብረት ፍለጋ ወደ ምናለሽ ተራ የመጡት። ሥዕል ያስተምራሉ። ቀድሞ ቤተ መንግሥት በነበረው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ከአሮጌው ጽድ ሥር፣ የካቲት ዐሥራ ሁለት ቀን ጣሊያን ለፈጃቸው ድኆች መታሰቢያ እንዲሠራ ተወስኗል። ሠላሳኛ ዓመቱ ሦስት ወር ቀርቶታል። መምህሩ ቦጋለ ሥራ ሲፈታ በበርሜል ክዳኖች ላይ በከሰል የሣላቸውን ፊቶች አዩ፤ ከአንዱ ፊት ለፊት ቆመው ቀሩ። ሸዋገነት ነበረች።

«ይህን ማን ሣለው?»

«እሱ ነው» አለ ባህረዲን። «አይጠይቁት፣ እስከ ገና አይመልስልዎትም።»

«መታሰቢያውን ከእኔ ጋር ትሠራለህ?» አሉት መምህሩ። «ስምህም በድንጋዩ ላይ ይጻፋል።»

ቦጋለ የዚያን ቀን እንደ ሰከረ ሰው ሆኖ ዋለ። ስሙ በዚያ ግቢ ድንጋይ ላይ ከተጻፈ ማን ቀጥቃጭ ይለዋል? አቶ አገኘሁስ ያን ጊዜ ምን ይላሉ?

አንበሳ ነድፎ ወሰደ። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰይፍ የያዘ መልአክ ወሰደ።

«ቦጋለ፣ እነዚህ ሰዎች ሊዋጉ አልመጡም» አሉት በለሆሳስ። «ምጽዋት ይሰጣችኋል ተብለው ነው የመጡት። የያዙት ሰይፍ አይደለም። ምን ይዘው እንደመጡ ታውቃለህ?»

አያውቅም ነበር። ጥር ገባ። ቀኑ እየሮጠ ነው፤ የሠርጉም ቀን ከኋላው። በቤቱ ቅዳጅ ወረቀት ተከመረ። በመጨረሻ ሸዋገነት በባህረዲን በኩል አንድ ነገር ላከችበት፤ «አባቴ ማርና ዳቦ የሚልክላቸው አንዲት መነኵሲት ራጉኤል ደጃፍ አሉ። ያን ቀን እዚያ ነበሩ ይባላል። ማክሰኞ ስሄድ ና።»

እማሆይ ጤናዬ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ማሩን ተቀብለው ባረኩ። ቦጋለ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ፣ ስለ መታሰቢያው ነገራቸው።

«ምን ይዘን መጣን?» አሉ እማሆይ። «ጣሳ ያለው ጣሳ፣ ቅል ያለው ቅል ነዋ። ድኃ ሌላ ምን ይይዛል? ከጎኔ አንዲት የጎጃም ሴት ነበረች። ባሏ ማይጨው ዘምቶ ቀርቶባታል። እሱን ፍለጋ መጥታ፣ ስንቋ አልቆ፣ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ታፍር ነበር። ‹እኔ እኮ ባለርስት ነኝ፣ እናቴ› ትለኝ ነበር፤ ‹ዛሬን ብቻ ነው።› ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቦምቡ ሲፈነዳ፣ መትረየሱ ሲጀምር ልጁን ከሥሯ አስገብታ ተኛችበት። ጣሳዋን ፊቱ ላይ ደፋችበት። ጥይት በጣሳ ይመለሳል? እናት ግን ያላት ያው ነው።»

እማሆይ የተቀበሉትን የማር ዕቃ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ጥይቱ እሷን አልፎ የጣሳውን ጎን በሳ። የልጁን የግራ ጆሮ ጫፍ ወሰደና ወጣ። ልጁ እስኪነጋ ከሥሯ አልተነሣም። ‹በዚህች ቀዳዳ ሰማዩን እያየሁ፣ ጣቴን አስገብቼ እሷን እየነካሁ አደርኩ› አለኝ በኋላ። ስሟ ሙሉዬ ነበር። ልጁ ማነው አትበሉኝ። በየዓመቱ ማር የሚልክልኝን ሰው ጠይቁት።»

ሸዋገነት ከተቀመጠችበት ተነሣች። የአባቷ ባርኔጣ ታያት። ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወጡ።

«ደፈንኩት» አለ ቦጋለ። «እናቱን የነካባትን ቀዳዳ ደፈንኩበት።»

ሸዋገነት ክንዱን ያዘችው። «ስማኝ። አሁን አንድ ቃል ይበቃል። ፊታውራሪው የለማኝ የልጅ ልጅ መሆኔን ቢሰሙ ሠርጉ የዚያኑ ቀን ይፈርሳል። ወይም ለአባቴ ‹አውቃለሁ› በለው፤ ፈርቶ ይሰጥሃል።»

«አንቺስ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ልጁ ነኝ። በምን አፌ?»

«እኔስ በምን አፌ?» አለ ቦጋለ። «አንዴ ሳላውቅ በደልኳቸው። አሁን ደግሞ የእናታቸውን ሞት እንደ ጩቤ ይዤ ልጅዎን አምጡ ልበላቸው?»

«እኔን ግን መስጠት ይሆንልሃል?»

ዝም አለ። ያ የተለመደው ዝምታው ነበር፤ ያን ቀን ግን ሸዋገነት አልሳቀችበትም።

«ፈሪ ነህ» አለችው። «ጨዋ ፈሪ።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ በሰባተኛ ሰፈር በኩል ወረደች። ቦጋለ ተከትሏት ሊሮጥ አንድ እግሩን አነሣ፤ ከዚያ የሚላት ነገር እንደሌለው ትዝ አለውና መልሶ አስቀመጠው።

በማግስቱ ሥራ ጀመረ። የዘይት ቆርቆሮ እየቆረጠ ጣሳ ይሠራል፤ አባቱ እንዳስተማረው ጠርዙን ያጥፋል፣ ጆሮውን ይቀጥላል፤ ከዚያ ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ጎኑን ይበሳዋል። ጠርዙን ደግሞ እስኪለሰልስ በአውራ ጣቱና በአመድ ያሸዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሃምሳ፣ መቶ። አውራ ጣቱ ተልጦ ደማ።

ባህረዲን ሚስማሩን ትቶ መጥቶ ቆመ። «ቦጌ፣ ቀዳዳ እየሠራህ ነው?»

«አዎ።»

«ታመሃል?»

«አዎ።»

ባህረዲን ያን ጊዜ አልቀለደም። ቁጭ ብሎ ጠርዝ ማሸት ጀመረ።

ከአሠሪዎቹ አንዱ ጣሳዎቹን አይተው፣ «የሚያፈስ ዕቃ መታሰቢያ ይሆናል ወይ?» ብለው ነበር። መምህር ኪዳነ ማርያም፣ «ለእነሱስ ምን ሞላላቸው?» ብለው መለሱ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። መምህሩ ስለ ድንጋዩ ሊጠይቁት መጡ። «ስምህን ምን ብለን እንጻፍ? ሠዓሊ ቦጋለ?»

ቦጋለ አሰበ። በኅዳር ቢጠይቁት ኖሮ በደስታ ያለቅስ ነበር።

«ቀጥቃጭ ቦጋለ ይበሉልኝ» አለ።

የካቲት ስምንት ቀን ከጎጃም በረንዳ አንድ ባልዲ ተላከለት። ማን እንደላከው አልተነገረውም፤ አላስፈለገም። ባልዲው ዐሥራ አንድ ቦታ በሚስማር ተበስቷል። ቦጋለ ቆጠረ። እስከ ሠርጉ የቀረው ዐሥራ አንድ ቀን ነበር። ባልዲውን ከራሱ በላይ ሰቀለው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣለትን ዕቃ ሳይጠግን ተወው፤ ቀና ባለ ቁጥር በዐሥራ አንዱ ቀዳዳ ብርሃን ፊቱ ላይ ይወርድበት ነበር።

የካቲት ዐሥራ ሁለት እሑድ ነበር። በግቢው፣ ከጽዱ ሥር፣ ከብረት መረብ ላይ ሦስት መቶ ጣሳ ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲነካቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ይነካካሉ። እንግዶች ተሰብስበዋል። ፊታውራሪው በአርበኝነታቸው ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸው፣ የልጃቸውን የወደፊት አማት አቶ አገኘሁን ከጎናቸው አስቀምጠዋል። አቶ አገኘሁ ሊመጡ አልፈለጉም ነበር። በየዓመቱ ይህን ቀን ከካፖርታቸው ሥር ጣሳቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደ ራጉኤል ይሄዱ ነበርና፣ ዛሬም ካፖርታቸው ወደ አንድ በኩል አብጧል። ሸዋገነት ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆማለች። ወደ ቦጋለ አልተመለከተችም።

ጸሎትና ንግግር አለቀ። ከንግግር አድራጊዎቹ አንዱ ወደ ጣሳዎቹ ቀርበው ሲያዩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቁመት፣ አንድ ባዶ ማንጠልጠያ አለ።

«ይህ ምነው? ተረስቶ ነው?» አሉ።

ሁሉም ወደ ቦጋለ ዞረ።

«አልተረሳም፣ ጌታዬ» አለ። «ባለቤቱ አልመጣም።»

አቶ አገኘሁ ቀና አሉ። ዓይናቸው ከባዶው ማንጠልጠያ ወደ ጣሳዎቹ ሄደ። ተነሡ። አንዱን ጣሳ ይዘው አውራ ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ። ጠርዙ ልስልስ ነበር። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆሙ። ከዚያ ቦጋለን አዩት፤ ቦጋለም እንደሚያውቅ፣ ለማንም እንዳልተናገረ፣ ይህም ዝምታ ምን እንዳስከፈለው በዚያች እይታ ገባቸው። ለሠርጉ ሰባት ቀን ብቻ ቀርቶ ሳለ፣ በአንድ ቃል ሊያፈርሰው ይችል ነበር።

ካፖርታቸውን ከፈቱ። ጥቁሩን ጣሳ አውጥተው ባዶው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀሉት። ከሦስት መቶው መኻል ቀዳዳ የሌለው እሱ ብቻ ነበር።

«ይህ የእናቴ ነው» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም፤ ግን ሁሉም ሰማ። «ሙሉዬ ትባል ነበር። እዚህ ምጽዋት ልትቀበል መጥታ እዚሁ ቀረች። እኔ ከሥሯ ነበርኩ።» ወደ ፊታውራሪው ዞሩ። «ፊታውራሪ፣ አጥንት ጠይቀውኝ በአልጋዋ ላይ ሞተች ብዬዎት ነበር። ዋሽቻለሁ።»

ፊታውራሪው ዘንጋቸውን ጨብጠው ተነሡ። ሸዋገነት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር።

ማክሰኞ ከፊታውራሪው ዘንድ ሽማግሌዎች መጡ። ከለምኖ አዳሪ ቤት ልጃችንን አናጋባም አሉ። የበረንዳው ሰው ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሰማ፤ እኩሌታው ሳቀ፣ ማር የሚገዙ ደንበኞችም ለጥቂት ጊዜ መንገድ ቀየሩ። አቶ አገኘሁ ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብለው ሸኙ።

ሐሙስ ዕለት ምናለሽ ተራ መጡ። ባህረዲን ሲያያቸው ሚስማሩ ከእጁ ተበተነ። አቶ አገኘሁ ሰው ሁሉ እያየ በቀጥቃጩ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የተሰቀለውን ባልዲ ቀና ብለው አዩት።

«ይህ የእኔ ባልዲ አይደለም ወይ?»

«ነው፣ ጋሼ።»

«ቤቴ ባልዲ የሚያልቀው ለካ እዚህ ነው።» ከዚያ ወደ ቦጋለ ዞረው፣ «አውቀህ ለምን አልተናገርክም?» አሉት።

ቦጋለ እጆቹን አየ። «አንዴ ደፍኜብዎታለሁ፣ ጋሼ። ሁለተኛ እጄን ልከትበት አልቻልኩም።»

«ልጄን ልታጣ ነበር።»

«አዎ። አጥቻት ነበር።»

አቶ አገኘሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃል ሰጥቼ ነበር። እኔ ቃል አላፈርስም። እነሱ ናቸው ያፈረሱት።» ሲነሡ ከንፈራቸው ጥግ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር ታየ። «ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ። አጥንት አልቆጥርባቸውም።»

ማታውኑ ሸዋገነት መጣች። መጠለያው ደፍ ላይ ቆማ ቀረች፤ እንደዚያ የዝናብ ቀን።

«ፈሪ ብዬህ ነበር» አለች።

«ነበርኩ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ።»

ሳቀችና ማልቀስ ጀመረች። የተላጠውን አውራ ጣቱን ይዛ ከጉንጯ ላይ አደረገችው፤ ባህረዲንም ፊቱን ወደ ብሎኖቹ አዞረ።

ከፋሲካ በኋላ፣ የቦጋለና የሸዋገነት ሠርግ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሁለቱ ከአቶ አገኘሁ ጋር ወደ ግቢው ሄዱ። ቦጋለ ከሰልና መሣሪያ ይዟል። ልጥፉን አቅልጦ አንሥቶ የአቶ አገኘሁን ቀዳዳ ሊመልስላቸው ነው። «ጠርዙን አልሞረድኩትም፣ ከሥሩ አለ» ብሏቸዋል። ከሰሉን ሳያቀጣጥል የግንቦት ዝናብ በድንገት ወረደ። ወደ ጽዱ ግንድ ተጠጉ።

ሦስት መቶው ጣሳ ጮኸ። ውኃው ይገባል፣ ቀዳዳው ድረስ ይሞላል፣ ከዚያ ከጎኑ ይፈስሳል፤ አንዱ ለሌላው፣ ሌላው ለመሬቱ። ያቺ ጥቁር ጣሳ ግን ድምፅዋ ቀስ በቀስ እየደነዘ፣ እየወፈረ ሄዶ ጸጥ አለች።

ዝናቡ ሲያባራ አቶ አገኘሁ ቀርበው አዩ። ውኃው ከአፏ ደርሶ ነበር፤ ሰማዩ ውስጡ ይታያል። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሸዋገነት የአባቷን የግራ ጆሮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

ቦጋለ መሣሪያውን አወጣ። «ልጥፉን ላንሣው፣ ጋሼ?»

«ተወው» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዶዋን ነበረች። ይሙላላት።»

ቦጋለ መሣሪያውን መልሶ ከተተ። ሸዋገነት እጁን ያዘችው። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ የጣሳዋን ሥር ተመለከተ።

ጠብታ አልነበረም።